አዮኖስፌር ላይ ያለውን ኤሌክትሮን ለመተንበይ የትኛው ሞዴል ይሻላል?

አዮኖስፌር የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ኤሌክትሮን የሚነቅልበት የላይኛው የአየር ንብርብር ነው፤ ጂፒኤስ በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል። በመንገዱ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ጠቅላላ ብዛት ቴክ (TEC) ይባላል። ቴክ ላይ ሊሰራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ሂሳቡ አይደለም፣ የሞዴል ምርጫው ነው። አንዱ አይአርአይ (IRI) የተባለውን ሞዴል ተጠቀም ይለዋል። ሌላው እሱ አርጅቷል፣ ኔክዊክ ይሻልሃል ይለዋል። አማካሪው ዓለም አቀፉን የቴክ ካርታ አውርድ ይለዋል። ጓደኛው ደግሞ ዘንድሮ ያለ ኤልኤስቲኤም (LSTM፣ ካለፈው ዳታ ቅደም ተከተል የሚማር ኒውራል ኔትወርክ) ጽሑፍ አይታተምም ብሎ ያስፈራራዋል። ሁሉም የሚያሞግሰው ራሱ የተመረቀበትን ነው። እኔም የራሴ ፍቅር አለኝ፣ አልደብቅም፤ ግን መጀመሪያ መስፈርቱን እናስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በመስፈርቱ እንይ።

ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ። ከሳተላይቱ እስከ ተቀባዩ ድረስ 1 ካሬ ሜትር አፍ ያለው ረጅም ቧንቧ አስቡ። ውስጡ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ድምር ነው ቴክ የሚባለው። 1 ቴክ ዩኒት ማለት 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፦ በጂፒኤስ ዋና ፍሪኩዌንሲ (1575.42 ሜጋኸርዝ) ላይ እያንዳንዱ ቴክ ዩኒት ርቀቱን ወደ 16 ሴንቲሜትር ያስረዝመዋል። ፀሐይ በነቃችበት ዓመት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ እኛ ሀገር ላይ ከ60 ዩኒት በላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ይህ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስህተት ነው፣ ያውም ሳተላይቱ አናት ላይ ሲሆን። ወደ አድማስ ሲያዘነብል ደግሞ ይብሳል።

ኢትዮጵያን ልዩ የሚያደርጋት ማግኔቲክ ኢኩዌተር (የምድር ማግኔት መስመሮች አግድም የሚተኙበት መስመር) በላይዋ ማለፉ ነው። ቀን ቀን የኤሌክትሪክ መስኩ ፕላዝማውን (ነፃ ኤሌክትሮን ያለበትን ጋዝ) ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከዚያ በማግኔት መስመሮቹ ላይ ተንሸራቶ ከዚሁ ኢኩዌተር በሰሜንም በደቡብም 15 ዲግሪ አካባቢ ርቆ ይከመራል። ልክ እንደ ፏፏቴ፣ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ የሚረጭ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ትንሽ ስትሄዱ ቁጥሩ ቶሎ ይቀየራል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ የፕላዝማ አረፋዎች (ኤሌክትሮን የሳሳባቸው፣ ሲግናል የሚያናውጡ ክፍተቶች) ይነሳሉ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። አውሮፓ ላይ አሪፍ የሰራ ሞዴል እኛ ጋ የሚሸነፈው በነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። ይህን ያዙልኝ።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ ይህ ነው፦ የምትፈልጉት የአየር ንብረት ነው ወይስ የአየር ሁኔታ? «በመጋቢት ወር በአማካይ ስንት ነው?» እና «ዛሬ ከሰዓት ስንት ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከማያቸው ክርክሮች ግማሹ እነዚህን ሁለቱን ከማደባለቅ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ መቼ ነው የሚያስፈልጋችሁ? ካለፈ በኋላ፣ አሁን፣ ወይስ ለነገ? ሦስተኛ፣ እስከ ስንት ከፍታ? የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው፤ 2,000 ላይ የሚያቆም ሞዴል ከነሱ ጋር ሲነጻጸር አንሶ ቢገኝ አይገርምም። አራተኛ፣ የፀሐይ ፍንዳታ የምድርን ማግኔት መስክ በሚያናውጥበት የማዕበል ቀን ምን ይሆናል? አምስተኛ፣ ምን ይበላል፦ ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተር፣ የእናንተ ጊዜ። ዋጋ ብዬ ለብቻ አላስቀመጥኩም፣ ከዚህ በታች ያሉት በሙሉ ማለት ይቻላል በነፃ ይገኛሉ። የሚከፈለው በሌላ ነው።

ክሎቡሻር፦ ስልካችሁ ውስጥ ያለው

ጂፒኤስ ራሱ ከሚልካቸው 8 ቁጥሮች የሚሰራ ሞዴል ነው። ሌሊቱን ሙሉ መዘግየቱን 5 ናኖሰከንድ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቀን ደግሞ በፀሐይ አቆጣጠር 14 ሰዓት ላይ ጫፍ የሚደርስ ግማሽ ኮሳይን (ለስላሳ ጉብታ) ይስላል። በቃ። የተሰራው የስህተቱን ግማሽ ያህል እንዲቀንስ ነው፣ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ለጥናት አትጠቀሙበት፤ «የኔ ሞዴል ከዚህ ይሻላል» ለማለት ግን ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ወዳጄ ከሱ ጋር ብቻ አወዳድሮ ደስ ብሎት ነበር። ከሽማግሌ ጋር ሩጫ ገጥሞ ማሸነፍ ነው።

ኔክዊክ

ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ከኦስትሪያው ግራዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሰራው ነው። ፈጣን ነው፣ እስከ ሳተላይቱ ከፍታ ድረስ ይሄዳል፣ ዘንበል ባለ መስመር ላይም ይደምርላችኋል። የአውሮፓው ጋሊሊዮ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላላቸው ተቀባዮች የመረጠው የዚህኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ሳተላይቶቹ 3 ቁጥር ይልካሉ፣ ተቀባዩ ቀሪውን ያሰላል።

እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞዴሉን የሚነዳው የፀሐይ ኃይል ቁጥር በእጃችሁ ነው። ከአንድ ጣቢያ የለካችሁት ቴክ ካለ፣ ሞዴሉ ያንኑ እስኪሰጥ ድረስ ቁጥሩን ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ የተስተካከለውን ሞዴል ተቀባይ ለሌለበት ጎረቤት ቦታ ትጠቀሙበታላችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የትሪየስቴው ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሞክረውታል። ጣቢያ ለሚያጥርበት አገር ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም። ሳይስተካከል እንዲሁ ከተጠቀማችሁበት ግን እሱም አማካይ ነጋሪ ነው።

አይአርአይ፦ ሁሉም የሚጀምርበት

ኮስፓርና ዩአርኤስአይ የሚባሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምረው የሚያሳድጉት ሞዴል ነው። ኮዱ በፎርትራን ክፍት ነው፣ በድረ ገጽም ቦታና ቀን አስገብታችሁ ቁጥር ትወስዳላችሁ፣ ፓይተን ለሚወዱም መጠቅለያ አለው። ቀላል ነው፣ ይታወቃል፣ ማንም ገምጋሚ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቃችሁም።

ችግሩ ከውስጡ ይጀምራል። የኤሌክትሮኑን ጫፍ የሚወስንበት ዋናው ግብዓት የ12 ወር ተንሸራታች አማካይ የሆነ የፀሐይ ኢንዴክስ ነው። 12 ወር! እንግዲህ ትናንት ፀሐይ ላይ የሆነውን ከየት ይወቀው? ስለዚህ የቀኑን ቅርጽ ይይዛል፣ ንጋት ላይ ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ፤ መጠኑን ግን በየጊዜው ይስታል። ከኢትዮጵያ ጣቢያዎች ጋር የተደረጉ ንጽጽሮች ይህንኑ ነው ደጋግመው የሚያሳዩት። የማዕበል አማራጭ የሚባል ቁልፍም አለው። ማግኔቲክ ኢኩዌተር አጠገብ ስታበሩትና ስታጠፉት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ አትመኑት።

ከፍታውም ሌላ ጣጣ ነው። የተለመደው አጠቃቀም እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ይደምራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ፕላዝማስፌር ይቀራል። በተለይ ሌሊት፣ ታች ያለው ሲሳሳ፣ የቀረው ድርሻ ቀላል አይደለም። አይአርአይ-ፕላስ የሚባለው ዝርያ ይህን ለመሙላት የተሰራ ነው። ብዙ ጽሑፍ ላይ «ሞዴሉ አሳነሰ» የሚል መደምደሚያ አነባለሁ፤ ጸሐፊው እስከ ስንት ከፍታ እንደደመረ ግን አልጻፈም። እንዲህ ያለውን ንጽጽር እኔ አልፈዋለሁ።

አንድ ምክር፦ ኮዱን ኮምፒውተራችሁ ላይ የምታስኬዱ ከሆነ የኢንዴክስ ፋይሎቹን አድሱ። ከዓመታት በፊት ባወረዳችሁት ፋይል የዛሬን ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ ያኔ የተገመተውን ነው።

የዓለም አቀፉ ካርታ

ይሄ ሞዴል ብቻ አይደለም፣ ልኬት ነው፤ በመላው ዓለም ካሉ ጣቢያዎች ተሰብስቦ ካርታ ላይ የተዘረጋ። ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰሎቹ ሳተላይቶች) አገልግሎት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣዋል። ፈጣኑ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ የመጨረሻው ወደ 11 ቀን ይፈጃል። ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ያለው ማዕከል ደግሞ የ1 እና የ2 ቀን ትንበያ ካርታም ያወጣል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

አሁን ወደ እኛ ሀገር እንምጣ። ካርታው በኬክሮስ 2.5፣ በኬንትሮስ 5 ዲግሪ እየዘለለ ነው። ቁጠሩት፦ ኢትዮጵያ ውስጥና ዳር ላይ የሚወድቁት ወደ 12 ነጥብ ቢሆኑ ነው። በሁለት ነጥብ መካከል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 550 ኪሎ ሜትር አለ! ጣቢያ በሌለበት ደግሞ ሂሳቡ ከሩቅ ያገኘውን ይዘረጋል። አፍሪካ ላይ ጣቢያው ስስ ነው፣ አውሮፓ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ካርታው ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ለስላሳ ቀለም ይስለዋል። ቀለሙ አያታልላችሁ። የሚነገረው ትክክለኛነት ከ2 እስከ 8 ዩኒት ነው፤ እኛ ጋ ሲሆን ሁልጊዜ ወደ 8ቱ አስጠግታችሁ አስቡት።

ሁለት ወጥመድም አለው። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በ0.1 ዩኒት ነው የተጻፉት፣ ስለዚህ 432 ስታዩ 43.2 ነው። 9999 ደግሞ «የለም» ማለት ነው፣ አማካይ ውስጥ አስገብቶ የጉድ ቀን አገኘሁ ያለ ሰው አውቃለሁ። ከናሳ ማዕከል ለማውረድ አካውንት ይጠይቃል፣ ግን ነፃ ነው።

የራሳችሁ ጣቢያ ዳታ

አዲስ አበባ ላይ የዓለም አቀፉ አገልግሎት አባል የሆነ ጣቢያ አለ፣ በሌሎች ከተሞችም ለጂኦዴሲ (ለምድር ልኬት) እና ለምርምር የተተከሉ ነበሩ። ፋይሉን አውርዳችሁ በሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች መካከል ካለው ልዩነት ቴክ ታወጣላችሁ። ብዙ የአፍሪካ ተማሪ የሚጠቀምበት የጎፒ ሲማላ ነፃ ሶፍትዌር ዊንዶውስ ላይ ይሰራል፣ ከባዱን ክፍል ይሸከምላችኋል።

ከባዱ ክፍል ባያስ ነው። ሳተላይቱም ተቀባዩም በሁለቱ ሲግናሎች መካከል የራሳቸው መዘግየት አላቸው። 1 ናኖሰከንድ ብትስቱ ወደ 2.85 ዩኒት ትስታላችሁ። ንጋት ላይ እውነተኛው ቴክ ራሱ ጥቂት ዩኒት ሲሆን ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቴክ ኔጌቲቭ ከወጣላችሁ ወንጀለኛው እሱ ነው። ከአድማስ ዝቅ ያሉትን ሳተላይቶችም ጣሉ፣ ብዙዎች ከ30 ዲግሪ በታች ያለውን አይቀበሉም።

መብራት ሲጠፋ ዳታው ይቆረጣል፣ ይህን ለኢትዮጵያ ሰው አልነግርም። የተቆረጠውን ቀን በመስመር አገናኝቶ መሙላት ግን ይቅርባችሁ። ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን።

ኒውራል ኔትወርክና ኤልኤስቲኤም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አሁን ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው። በደንብ ከተመገበ ከአይአርአይ ያነሰ ስህተት ይሰጣል፣ አንዴ ከሰለጠነ በኋላም ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አፍሪቴክ ከመሬት ጣቢያና ኮስሚክ (COSMIC) ከተባሉት ሳተላይቶች በተገኘ ዳታ ለአፍሪካ ብቻ የሰለጠነ ነው፣ ከዜሮ ከመጀመር በፊት እሱን ማየት ያዋጣል።

ግን ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ዳታውን በዘፈቀደ በውዛችሁ ለስልጠናና ለፈተና አትከፋፍሉት። ማክሰኞ 8 ሰዓት ስልጠና ውስጥ፣ ማክሰኞ 9 ሰዓት ፈተና ውስጥ ከገባ ሞዴሉ መልሱን አይቶ ነው የሚፈተነው። በጊዜ ቁረጡ፦ ያለፈው ለስልጠና፣ የሚመጣው ለፈተና።

ሁለተኛ፣ የፀሐይ ዑደት 11 ዓመት ገደማ ነው። 24ኛው ዑደት እ.ኤ.አ. በ2014 ጫፍ ደርሶ በ2019 መጨረሻ ተኛ። 25ኛው ደግሞ በ2024 አካባቢ ከሱ በላይ ወጣ። ከ2015 እስከ 2019 ባለው ብቻ ያሰለጠነ ሰው ለ2024 ሲጠይቀው ሞዴሉ አይቶት የማያውቀውን ከፍታ ነው የሚጠየቀው። ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፣ ያውም በሙሉ መተማመን።

ሦስተኛ፣ እና ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው። የነገን ቴክ ለመተንበይ የነገን ኤፍ10.7፣ የነገን ኬፒ፣ የነገን ዲኤስቲ (የመጀመሪያው የፀሐይ ንቃት፣ ሁለቱ የማግኔቲክ ማዕበል መለኪያ ናቸው) ግብዓት አድርገው «ትንበያ» የሚሉ አሉ። ነገ ስንት እንደሚሆን ካወቃችሁማ ምን ቸገራችሁ! ትንበያ ማለት ዛሬ በእጅ ባለው ብቻ ነው። ያለፈውን መልሶ መሙላት ራሱን የቻለ ጥሩ ስራ ነው፣ ስሙ ግን ሌላ ነው።

እና ማንኛውንም የትንበያ ሞዴል መጀመሪያ ከማን ጋር አወዳድሩት? ከትናንት ጋር። «ነገ በዚህ ሰዓት እንደ ዛሬ ይሆናል» የሚለው ሰነፍ ሞዴል ፀጥ ባለ ቀን አስገራሚ ጎበዝ ነው። ከፈለጋችሁ ያለፉትን 5 ቀናት አማካይ ጨምሩ፣ ወይም ፀሐይ አንዴ ስትዞር የሚፈጀውን 27 ቀን ወደኋላ ሄዳችሁ ያኔ የነበረውን ውሰዱ። ሦስቱም በኤክሴል ይሰራሉ። ኔትወርካችሁ እነዚህን ካላሸነፈ ሌላ ንብርብር መጨመር አያድነውም።

የፊዚክስ ሞዴሎች

ቲአይኢ-ጂሲኤም እና ሳሚ3 የመሳሰሉት እኩልታውን ከመሠረቱ ይፈታሉ። «ለምን ሆነ?» ለሚል ሰው ከነዚህ የሚሻል የለም። ትልቅ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፣ ግን ናሳ ያለው የሞዴሊንግ ማዕከል በጥያቄ ያስኬድላችኋል፣ ውጤቱን ብቻ ትወስዳላችሁ። ለዕለታዊ ቁጥር ብላችሁ እዚህ አትግቡ፣ በሬ አርዶ ጥብስ እንደመብላት ነው።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| አማራጭ | የሚሰጠው | ለነገ ይሆናል? | በማዕበል ቀን | የሚበላው |
|---|---|---|---|---|
| ክሎቡሻር | ግምታዊ እርማት | አዎ፣ በሻካራው | ደካማ | ምንም |
| ኔክዊክ | አማካይ፤ በልኬት ሲስተካከል የዛሬ | በከፊል | ከተስተካከለ ይሻሻላል | ትንሽ |
| አይአርአይ | ወርሃዊ አማካይ | እንደ አማካይ ብቻ | ደካማ | ትንሽ |
| ዓለም አቀፍ ካርታ | የተለካ፣ ለስላሳ | የ1 እና 2 ቀን ካርታ አለ | መካከለኛ | ኢንተርኔት |
| የራስ ጣቢያ ዳታ | የቦታው ትክክለኛ ልኬት | ከ«ትናንት» ጋር | እየሆነ ያለውን ያያል | ብዙ ጊዜ |
| ኒውራል ኔትወርክ | በዳታው ልክ | አዎ | ስልጠናው ላይ ማዕበል ካለ | ብዙ ዳታ |
| ፊዚክስ | ምክንያቱን | ለባለሙያ | ጥሩ፣ ግብዓቱ ከተገኘ | ትልቅ ኮምፒውተር |

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

የመሬት ቀያሽ ከሆናችሁ ሞዴል አትፈልጉ፣ ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ መሳሪያ ግዙ። ሁለቱን ሲግናል አዋህዶ የአዮኖስፌሩን ስህተት ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፣ ርካሽ ቦርዶችም በጥቂት መቶ ዶላር መጥተዋል (ጉምሩኩን ጨምራችሁ አስቡ)። አረፋዎቹን ግን መሳሪያውም አያጠፋቸውም፤ በመጋቢትና በመስከረም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሲግናሉ ቢቆራረጥ ተቀባዩን አትውቀሱት።

6 ወር የቀረው የማስተርስ ተማሪ፦ አንድ ጣቢያ፣ ሁለት ዓመት (አንድ የተኛ፣ አንድ የነቃ)፣ አይአርአይና ኔክዊክ። የትናንትን መለኪያም አስገባ። ኤልኤስቲኤም ከተረፈ ጊዜ ይግባ። አንቺም ከሆንሽ እንዲሁ።

ኢንተርኔት ደካማ የሆነበት ሰው አይአርአይን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ይገላገል። ከጣቢያ ርቆ ያለ ቦታን የሚያጠና ኔክዊክን በቅርቡ ጣቢያ ያስተካክል፣ ካርታውን ለማነጻጸሪያ ይያዝ። የትንበያ አገልግሎት ለመገንባት የሚያስብ ቡድን የበርኑ ማዕከል የሚያወጣውን የትንበያ ካርታ ይውሰድና በአካባቢ ዳታ ያርመው፤ ኔትወርኩ መማር ያለበት ሙሉውን ቴክ ሳይሆን የካርታውን ስህተት ነው፣ እሱ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይማረዋል።

ማዕበል ለሚያጠና ደግሞ ቴክ ብቻውን አይበቃም። የአዲስ አበባና የአዲግራት ማግኔቶሜትሮች (የማግኔት መስክ መለኪያዎች) ልዩነት ፕላዝማው ምን ያህል ሽቅብ እንደተገፋ ይጠቁማል። በሜይ 10 ቀን 2024 የጀመረው ማዕበል ከ2003 ወዲህ ከታዩት ሁሉ የበረታ ነበር፣ ሞዴሎቻችሁን በሱ ፈትኗቸው። አብዛኞቹ ይወድቃሉ፣ እንዴት እንደወደቁ ግን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ደግሞ ሰዓቱን! አንድ ጊዜ የኔ ልኬትና የአይአርአይ ግራፍ በ3 ሰዓት ተንሸራተው ቀሩ። ሳምንት ሙሉ ሞዴሉን ስሰድብ ከረምኩ። ለካ ሞዴሉን በአካባቢ ሰዓት፣ ዳታውን በዓለም ሰዓት ነው ያስኬድኩት። እኛ ጋ ደግሞ ሦስተኛ ሰዓት አለ፦ በዓለም ሰዓት 12 ሲሆን በእኛ ከቀኑ 9 ነው፣ በፀሐይ አቆጣጠር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 14፡35 ገደማ። ፋይሎቹ ላይ ያለው የዓመቱ የቀን ቁጥርም የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው፣ ከመስከረም 1 አይደለም። አሁን ከእያንዳንዱ ፋይል ስም ጋር የየትኛው ሰዓት እንደሆነ እጽፋለሁ።